የፕሮሰሰር ስም ከጅራቱ ይነበባል፦ ሐዋሳ ላይ ላፕቶፕ ለሚገዙ የንጽጽር መመሪያ

ሐዋሳ ፒያሳ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች በአንዱ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ ላይ «ኮር አይ7»፣ ሌላው ላይ «ኮር አይ5» የሚል ተለጣፊ አለ። ራማቸው እኩል 8 ጂቢ ነው፣ ኤስኤስዲያቸውም እኩል 256 ጂቢ። አይ7ቱ ይወደዳል። የፕሮሰሰራቸው (ሥራውን የሚሠራው ዋና ቺፕ) ሙሉ ስም ሲነበብ ግን ውዱ አይ7-7500ዩ፣ ርካሹ አይ5-8250ዩ ነው። ውዱ በ2016 የወጣ፣ ሁለት ኮር (ሥራ የሚሠራ ክፍል) ያለው ነው፤ ርካሹ በ2017 የወጣ ባለ አራት ኮር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከተቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ ርካሹ አለ፣ ውዱ የለም። ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሲከፈትባቸውም ርካሹ ይቀድማል።

ገዢው ተጨማሪ ብር የከፈለው ለአንድ አሃዝ ነው። ይህ መመሪያ ያ እንዳይደገም የተጻፈ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዋጋ በብር አልተቀመጠም፤ ከ2024ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የሱቅ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር በደረጃ መነጋገሩ ይሻላል።

## ስሙን ማን ያወጣዋል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የፕሮሰሰርን ስም የሚያወጣው ግን የሽያጭ ክፍል ነው። የሽያጭ ክፍል ሥራው ፍጥነት መለካት አይደለም፤ ዕቃውን በዚያ ዓመት መደርደሪያ ላይ ቦታ ማስያዝ ነው። ገዢ የሚሳሳተው የቦታ ቁጥሩን እንደ ሚዛን ሲያነበው ነው።

መጀመሪያ የቺፕ ሠሪው የኢንቴል ስሞች ቁጥር ብቻ ነበሩ፦ 286፣ 386፣ 486። ተፎካካሪው ኤኤምዲ የራሱን 386 ለገበያ ሲያቀርብ ኢንቴል «ቁጥሩ የእኔ ነው» ብሎ ከሰሰ፤ በ1991 የአሜሪካ ፍርድ ቤት «386» የንግድ ምልክት ሊሆን አይችልም ሲል ወሰነ። ስለዚህ በተራው 586 መባል የነበረበት ቺፕ በ1993 «ፔንቲየም» ተብሎ ወጣ፤ መነሻው አምስት የሚለው የግሪክ ቃል ነው። ቁጥር የማንም ነው፣ የተፈጠረ ቃል ግን በሕግ ይጠበቃል። ከዚያ ወዲህ ስም ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ ወደ ሻጩ ጠረጴዛ ተዛወረ።

ቀጥሎ የቁጥር ፉክክር መጣ። በ2001 ፔንቲየም 4 በሜጋኸርዝ (ቺፑ በሴኮንድ በሚመታው ምት ብዛት፤ 1000 ሜጋኸርዝ አንድ ጊጋኸርዝ ነው) ብልጫ ሲያሳይ፣ ኤኤምዲ በ1.53 ጊጋኸርዝ የሚሠራውን አትሎን ኤክስፒ «1800+» ብሎ ሰየመው። ቺፑ በእያንዳንዱ ምት ከተፎካካሪው የበለጠ ሥራ ይሠራ ስለነበር ሐሳቡ መሠረት ነበረው፤ ቢሆንም ብዙ ሰው ቁጥሩን 1800 ሜጋኸርዝ ብሎ ነው ያነበበው። ኢንቴልም በ2004 ጊጋኸርዝን ከስሙ አውጥቶ በሞዴል ቁጥር ተካው። ከዚያ ኮር አይ7 በ2008፣ አይ5 በ2009፣ አይ3 በ2010 መጡ። ኤኤምዲ በ2017 ራይዘንን ሲያወጣ ያንኑ 3፣ 5፣ 7 ይዞ ቀረበ፤ ከአይ5 የሚመጣ ገዢ አዲስ መሰላል ሳይማር ራይዘን 5ን ጎኑ ያገኘዋል። ማዘርቦርድ (ቺፑ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆነ፦ ኢንቴል ቢ250 ባለበት ዘመን ኤኤምዲ ቢ350 አለ፤ ኢንቴል በ2018 ቢ360ን ሲያወጣ ኤኤምዲ ቢ450 አለ። ዛሬም «ኮር አልትራ 200» እና «ራይዘን ኤአይ 300» ጎን ለጎን ይሸጣሉ። 300 ከ200 መብለጡ የሚለካው ነገር የለም።

ግፊቱ ከቺፕ ሠሪዎች ብቻ አይመጣም። ላፕቶፕ አምራቾች በየዓመቱ «የዘንድሮ ሞዴል» ብለው የሚሸጡት ቁጥር ይፈልጋሉ፤ አዲስ ዲዛይን ግን በየዓመቱ አይደርስም። ስለዚህ የአምናው ቺፕ ስም ቀይሮ ይመለሳል። ለገዢ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ይኸኛው ልማድ ነው።

ደግነቱ መሐንዲሶቹ የሚጠቀሙበት ሌላ ስም አለ፤ የኮድ ስም ይባላል። ኢንቴል ለረጅም ጊዜ የሐይቅ ስም ሲሰጥ ኖሯል፦ ካቢ ሌክ፣ ኮሜት ሌክ፣ ታይገር ሌክ፣ አልደር ሌክ፣ ራፕተር ሌክ፣ ሚቲዮር ሌክ። ለሐይቅ ዳር ከተማ ሰው ለማስታወስ ቀላል ነው። የሽያጭ ክፍሉ ቁጥሩን ቢለውጥም ሐይቁ ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቆያል። ሁለት ላፕቶፖች የኮድ ስማቸውና የኮር ብዛታቸው አንድ ከሆነ፣ ተለጣፊው የፈለገውን ቢል ልዩነታቸው ትንሽ ነው።

## በምን እንመዝን?

ኮርና ትሬድ። ኮር ሠራተኛ ነው፤ ትሬድ ደግሞ ሠራተኞቹ በአንድ ጊዜ የሚይዙት የሥራ መስመር። ከ12ኛ ጄነሬሽን (ትውልድ) ጀምሮ ኢንቴል ትልልቅና ትናንሽ ኮሮችን ቀላቅሏል፤ ስለዚህ «10 ኮር» ሲባል ስንቱ ትልቅ እንደሆነ ይጠይቁ።

የዲዛይን ዕድሜ። ላፕቶፑ የተሸጠበት ዓመትና ቺፑ የተነደፈበት ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ።

ዋት። ይህ በጅራቱ፣ ማለትም በስሙ መጨረሻ ባለው ፊደል፣ ተጽፏል። ዩ ያለው 15 ዋት፣ ፒ 28፣ ኤች 45፣ ኤችኤክስ 55 ዋት አካባቢ ነው፤ ዋይ ደግሞ ፋን ለሌላቸው ቀጫጭን ላፕቶፖች የተሠራ፣ 5 ዋት አካባቢ የሚወስድ ነው። እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ናቸው፤ ለአጭር ጊዜ ሁሉም ከዚህ በላይ ይወጣሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ዋት የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። 50 ዋት-ሰዓት ባትሪ ያለው ላፕቶፕ በአማካይ 10 ዋት ቢወስድ 5 ሰዓት ያሠራል፤ ያው ባትሪ በ50 ዋት ጭነት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ቻርጀሩም ይለያያል፦ ለዩ ከ45 እስከ 65 ዋት ሲበቃ፣ ትልቅ ግራፊክስ ያላቸው የኤች ላፕቶፖች 180 ወይም 230 ዋት ይጠይቃሉ። ትንሽ ኢንቨርተር ወይም ሶላር ያለው ቤት ይህን ከመግዛቱ በፊት ማስላት አለበት።

የዊንዶውስ 11 ተቀባይነት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለላፕቶፕ በኢንቴል በኩል መስመሩ 8ኛ ጄነሬሽን ነው፤ ከ7ኛው የገቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በኤኤምዲ በኩል ከራይዘን 3000 ጀምሮ ቢይዙ አይሳሳቱም። ከመስመሩ በታች ያለው ላፕቶፕ ላይ ሻጩ ዊንዶውስ 11 በማለፊያ መንገድ ጭኖት ሊሆን ይችላል፤ ይሠራል፣ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ወደፊት ማሻሻያዎችን ለመላክ ዋስትና አይሰጥበትም።

ራም መጨመር መቻሉ። ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ራም አይጨመርም። ከታች እንደሚታየው አንዳንድ የቺፕ ስሞች ራሳቸው ይህን ይወስናሉ።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### ኮር አይ ከ4ኛ እስከ 7ኛ ጄነሬሽን

በዚህ ዘመን ስሙን ማንበብ ቀላል ነው፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ አሃዝ ጄነሬሽኑ ነው። ወጥመዱ ጅራቱ ላይ ነው። ዩ ያለው ሁሉ፣ አይ3ም ይሁን አይ7፣ ሁለት ኮርና አራት ትሬድ ነው። አይ5-6300ዩ ሁለት ኮር ሲሆን፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ጅራቱ ኤችኪዩ የሆነው አይ5-6300ኤችኪዩ አራት ኮር አለው። አይ7-4600ዩ ሁለት ኮርና 15 ዋት ነው፤ አይ7-4700ኤምኪዩ አራት ኮርና 47 ዋት። በቴሌግራም ማስታወቂያ ላይ ሁለቱም «ኮር አይ7 4ኛ ጄነሬሽን» ተብለው ነው የሚለጠፉት።

ከሁሉም የከፋው 7ኛው ጄነሬሽን ውስጥ ያለው የዋይ መስመር ነው። በ6ኛው ጄነሬሽን «ኮር ኤም5» ይባል የነበረው ደካማ ቺፕ በ7ኛው «ኮር አይ5-7ዋይ54» ተባለ። ኤሟ ጠፋች፣ አይ5 መጣ፣ ልዩነቱን የሚናገር ዋይ የሚል አንድ ፊደል ብቻ መሃል ላይ ቀረ። ላፕቶፑ ቀጭንና የሚያምር ስለሚሆን ዋጋው ከፍ ብሎ ይጠየቃል፤ የአይ5 ዋጋ አይክፈሉበት።

ይህን ምድብ ለጽሑፍ፣ ለኢሜይልና ለቪዲዮ ማየት በጣም ዝቅተኛ በጀት ላለው ሰው ብቻ እንመክራለን። ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው የዊንዶውስ ገደቡ ስለማይነካው ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል።

### ከ8ኛ እስከ 11ኛ ጄነሬሽን

ለአብዛኛው ያገለገለ ዕቃ ገዢ ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው። በ2017 ኢንቴል በዩ መስመር አይ5ንና አይ7ን ከሁለት ወደ አራት ኮር አሳደጋቸው፤ ዋቱ ግን 15 ላይ ቆየ። አይ5-8250ዩ፣ አይ5-8350ዩ እና አይ5-8265ዩ ሁሉም አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ናቸው። አይ3-8130ዩ ግን ሁለት ኮር ላይ ቀርቷል፤ «8ኛ ጄነሬሽን ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም።

10ኛው ጄነሬሽን ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦችን በአንድ ስም ይዟል። አይ5-10210ዩ ኮሜት ሌክ ነው፤ በአሮጌው የ14 ናኖሜትር አሠራር የተሠራ፣ በጊጋኸርዝ ከፍ የሚል። አይ5-1035ጂ1 አይስ ሌክ ነው፤ አዲስ ዲዛይን ሆኖ ጊጋኸርዙ ዝቅ ያለ። ለቢሮ ሥራ ተቀራራቢ ናቸው፣ አንዱን ለማግኘት ተጨማሪ ብር አያውጡ። ጂ ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለው አሃዝ የግራፊክሱን ደረጃ ይነግራል፦ ጂ1 ደካማው፣ ጂ7 ጠንካራው።

11ኛው ላይ አይ5-1135ጂ7 ብዙ ይገኛል፤ አራት ኮር ሆኖ ግራፊክሱ «አይሪስ ኤክስኢ» ይባላል። እዚህ ጋ ጥቂት ሻጮች ብቻ የሚያውቁት ነገር አለ። ያ ስም የሚታየው ራሙ በሁለት መስመር ሲሠራ ብቻ ነው። አንድ የ8 ጂቢ ራም ብቻ ከተሰካ ያው ቺፕ ራሱን «ዩኤችዲ» ብሎ ያስተዋውቃል፣ ግራፊክሱም ይዳከማል። ሁለተኛ 8 ጂቢ ሲጨመር ስሙም ጉልበቱም ይመለሳል። ስለዚህ «ዩኤችዲ ነው» ተብሎ ረክሶ የቀረበ 1135ጂ7 ባዶ የራም ቀዳዳ ካለው፣ በአንድ ራም ዋጋ የሚስተካከል ጥሩ ግዢ ነው።

### ከ12ኛ ጄነሬሽን እስከ ስም ለውጡ

በዚህ ምድብ 3፣ 5፣ 7 የሚለው ቁጥር ከጅራቱ ያነሰ ትርጉም አለው። አይ5-1235ዩ 2 ትልልቅና 8 ትናንሽ ኮሮች፣ በድምሩ 12 ትሬድ አለው። አይ7-1255ዩም 2 ትልልቅና 8 ትናንሽ፣ 12 ትሬድ ነው። ዋናው ልዩነታቸው ከአንድ ጊጋኸርዝ ያነሰ ፍጥነት ነው። አይ5-1240ፒ ደግሞ 4 ትልልቅና 8 ትናንሽ፣ 16 ትሬድ ስላለው ከአይ7-1255ዩ የበለጠ ጭነት ይሸከማል፤ በምትኩ ባትሪ ይበላል፣ ይሞቃል።

በጁን 2023 ኢንቴል «አይ» የሚለውን ፊደል እንደሚተው አስታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ «ኮር 5»፣ «ኮር 7» እና «ኮር አልትራ» መጡ። አልትራ የሌለው ኮር 5 120ዩ ራፕተር ሌክ ነው፦ 2 ትልልቅ፣ 8 ትናንሽ፣ 12 ትሬድ። አይ5-1335ዩም እንደዚሁ። ከ2022 እስከ 2024 ሦስት ስም ወጣ፣ የኮሮቹ አደራደር ግን አልተለወጠም። የ2024ቱን በአዲስ ዋጋ የሚገዛ ሰው የ2022ቱ ያገለገለ በቅናሽ ከቀረበለት ያለ ስጋት ማወዳደር ይችላል።

### ሴሌሮን፣ ፔንቲየምና ኤን100

በ2023 ኢንቴል በላፕቶፕ ላይ ሴሌሮንና ፔንቲየምን ትቶ «ኢንቴል ፕሮሰሰር» በሚል ጠቅላላ ስም ተካቸው። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ሴሌሮን የሚለው ቃል ገዢ ያሸሽ ነበር። ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ስህተት ነው። ሴሌሮን ኤን4020 ሁለት ኮር፣ ሁለት ትሬድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከ64 ጂቢ ቀርፋፋ ማከማቻ ጋር ስለሚመጣ የዊንዶውስ ማሻሻያ እንኳን ያጨናንቀዋል። ኤን100 ግን አራት ኮር ሆኖ 6 ዋት ብቻ ነው፤ ከ6ኛ ጄነሬሽን ባለ ሁለት ኮር አይ5 አያንስም። ለሱቅ ሒሳብና ለተማሪ በቂ ነው። «ኮር አይ3-ኤን305» የሚል ካዩ ደግሞ ስምንቱም ኮሮች ትናንሾቹ መሆናቸውን ይወቁ፤ የኤን100 ታላቅ ወንድም እንጂ የአይ3-1215ዩ እኩያ አይደለም።

### ራይዘን

ከዋጋ አንጻር ብዙ ጊዜ የተሻለው ግዢ እዚህ ይገኛል፤ ከስም አንጻር ግን ትልቁ ግራ መጋባት እዚህ ነው። ራይዘን 5 5500ዩ እና 5600ዩ ሁለቱም 6 ኮር ናቸው፣ ሁለቱም በ2021 ወጡ። የመጀመሪያው ግን ዜን 2፣ ሁለተኛው ዜን 3 ዲዛይን ነው፤ ዜን የኤኤምዲ የዲዛይን ስም ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ሲል ዲዛይኑ አዲስ ነው።

ለ2023 ኤኤምዲ አዲስ ቀመር አወጣ። በአራቱ አሃዞች የመጀመሪያው ዓመቱን ይነግራል፤ 7 ማለት 2023 ነው። ሁለተኛው ደረጃው ነው። ሦስተኛው ዲዛይኑ፦ 2 ዜን 2፣ 3 ዜን 3፣ 4 ዜን 4። አራተኛው 0 ወይም 5፣ በዚያው ውስጥ ዝቅና ከፍ። ቀመሩን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። ለማያውቅ ግን ትልቁ ቁጥር ፊት ላይ ተቀምጦ እውነቱ ሦስተኛ ቦታ ተደብቋል። ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው፦

- ራይዘን 5 7520ዩ፦ ዜን 2፣ 4 ኮር፣ 8 ትሬድ፤ ራሙ የተበየደ ስለሆነ 8 ጂቢ ከተገዛ 8 ሆኖ ይቀራል።
- ራይዘን 5 7530ዩ፦ ዜን 3፣ 6 ኮር፣ 12 ትሬድ፤ የ2022ቱ 5625ዩ በአዲስ ስም።
- ራይዘን 5 7535ዩ፦ ዜን 3 ፕላስ፣ 6 ኮር፣ በግራፊክስ ከ7530ዩ በግልጽ የተሻለ።
- ራይዘን 5 7540ዩ፦ ዜን 4፣ 6 ኮር።

አራቱም «ራይዘን 5፣ የ2023 ሞዴል» ናቸው። በ7520ዩ እና በ7530ዩ መካከል ያለችው አንዲት አሃዝ ሁለት ኮር ትወስዳለች። ዲሴምበር 2023 ላይ ኢንቴል በዚሁ አሰያየም ኤኤምዲን በይፋ ነቅፎ ብዙም ሳይቆይ ጽሑፉን አነሳ፤ ኮር 5 120ዩን ያቀረበው ከዚያ በሚቀጥለው ወር ነው። ሁለቱም ቤት ውስጥ ልማዱ አንድ ነው፣ ገዢም ለአንዱ ወገን መሟገት የለበትም። በ2025 የመጣው «ራይዘን 200»ም ዜን 4 ነው፤ 7840ዩ፣ 8840ዩ እና ራይዘን 7 250 ሦስቱም 8 ኮር ያላቸው የአንድ ዲዛይን ልጆች ናቸው።

### «አልትራ» እና «ኤአይ» የተባሉት

ሁለቱ ቃላት አንድ ትርጉም የላቸውም። ማይክሮሶፍት «ኮፓይለት ፕላስ» ለሚለው ደረጃ ቢያንስ 40 ቶፕስ (በሴኮንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት) የሚሠራ ልዩ የኤአይ ክፍልና 16 ጂቢ ራም ይጠይቃል። ኮር አልትራ 7 155ኤች ይህን አያሟላም፤ የኤአይ ክፍሉ ወደ 11 ቶፕስ ነው። ከ200 ተከታታዩ የሚያሟላው ጅራቱ ቪ የሆነው ነው፣ ለምሳሌ ኮር አልትራ 7 258ቪ። ቪ ማለት ግን ራሙም ከቺፑ ጋር አንድ ላይ የታሸገ፣ 16 ወይም 32 ጂቢ ሆኖ ለዘለዓለም የማይለወጥ ማለት ነው። ራይዘን ኤአይ 300 ያሟላል፤ ዲዛይኑም በእርግጥ አዲስ፣ ዜን 5 ነው።

ለአብዛኛው የሐዋሳ ገዢ ይህ ክፍል ዛሬ የሚጨምርለት ጥቂት ነው። ቻትቦቶቹ የሚሠሩት በኢንተርኔት ነው፤ የላፕቶፑን የኤአይ ክፍል አይነኩም።

### አፕል ኤም እና ስናፕድራገን

የአፕል አሰያየም ከሁሉም ቀጥተኛ ነው፦ ኤም1 በ2020፣ ኤም2 በ2022፣ ኤም3 በ2023፣ ኤም4 በ2024። ያገለገለ ኤም1 በባትሪ ቆይታ ዛሬም ጠንካራ ነው። «ፕሮ» የሚለው ጅራት ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ኤም3 ፕሮ የማህደረ ትውስታ መስመሩ በሴኮንድ 150 ጊጋባይት ሲሆን የቀደመው ኤም2 ፕሮ 200 ነበር። ዋናው ጥያቄ ግን ሶፍትዌር ነው። ኢታብስና ሬቪት (የሕንፃ ንድፍ)፣ አርክ ጂአይኤስ ፕሮ (የካርታ) እና ፒችትሪ (የሒሳብ) የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ናቸው። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል ወይም አርክቴክቸር የሚማር ልጅ ያለው ወላጅ ማክቡክ ከመግዛቱ በፊት ይህን ያስብበት። የኳልኮም ቺፕ የሆነው ስናፕድራገን ኤክስ ያላቸው የዊንዶውስ ላፕቶፖችም ባትሪያቸው ጥሩ ቢሆንም፣ ለአሮጌ ፕሪንተርና ለአንዳንድ መሣሪያ የሚሆን ድራይቨር (አገናኝ ፕሮግራም) አያገኙም። ለቢሮ አንመክራቸውም።

### ስለ ግራፊክስ ካርድና ዴስክቶፕ በአጭሩ

የላፕቶፕ አርቲኤክስ 4070 ከዴስክቶፑ ጋር ስም ብቻ ይጋራል፤ የላፕቶፑ ማህደረ ትውስታ 8 ጂቢ፣ የዴስክቶፑ 12 ነው። አርቲኤክስ 4060 በላፕቶፕ ላይ ከ35 እስከ 115 ዋት ይለያያል፤ አምራቹ ስንት ዋት እንደፈቀደለት ካልተጠየቀ ስሙ ብቻውን ምንም አይነግርም። ዴስክቶፕ ለሚያስገጥም ደግሞ ኤፍ የምትለው ፊደል ትልቅ ናት፦ አይ5-12400ኤፍ የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ካርድ ካልተገዛለት ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ቲ ማለት 35 ዋት፣ ቀዝቃዛና ዝግ ያለ ነው።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ምድብ | ምሳሌ | ኮር / ትሬድ | ዊንዶውስ 11 | ዋነኛው ወጥመድ | የበጀት ደረጃ |
|---|---|---|---|---|---|
| ከ4ኛ–7ኛ ጄነሬሽን ዩ | አይ7-7500ዩ | 2 / 4 | የለም | አይ7 ሆኖ ሁለት ኮር | በጣም ዝቅተኛ |
| ኤን መስመር | ኤን100 | 4 / 4 | አለ | ከኤን4020 ጋር መምታታት | ዝቅተኛ |
| 8ኛ–10ኛ ዩ | አይ5-8250ዩ | 4 / 8 | አለ | አይ3ው ሁለት ኮር | ዝቅተኛ–መካከለኛ |
| 11ኛ ጂ7 | አይ5-1135ጂ7 | 4 / 8 | አለ | አንድ ራም ብቻ መሰካቱ | መካከለኛ |
| ራይዘን ዜን 3 | 7530ዩ | 6 / 12 | አለ | 7520ዩን በስህተት መግዛት | መካከለኛ |
| 12ኛ–13ኛ ዩ፣ ኮር 5 | 1235ዩ፣ 120ዩ | 10 / 12 | አለ | ለአይ7 ስም ብቻ መክፈል | መካከለኛ–ከፍተኛ |
| 12ኛ ፒ | አይ5-1240ፒ | 12 / 16 | አለ | ባትሪና ሙቀት | መካከለኛ–ከፍተኛ |
| አልትራ ቪ፣ ራይዘን ኤአይ | 258ቪ | 8 / 8 | አለ | በቪ ላይ የማይጨመር ራም | ከፍተኛ |
| አፕል ኤም | ኤም1 | 8 / 8 | የራሱ ሲስተም | የዊንዶውስ ፕሮግራሞች | መካከለኛ–ከፍተኛ |

## ለማን የትኛው?

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪና ለአነስተኛ ሱቅ፦ ኤን100 አዲስ፣ ወይም 8ኛ ጄነሬሽን አይ5 ያገለገለ። ሁለቱ በተቀራራቢ ዋጋ ከቀረቡ፣ ባትሪው ጤናማ እስከሆነ ድረስ ያገለገለውን አይ5 እንመርጣለን፤ ኪቦርዱና አካሉ ብዙ ጊዜ ይጠነክራል፣ ራሙም ይጨመራል።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪና ለቢሮ፦ አይ5-1135ጂ7 በሁለት ራም፣ ወይም ራይዘን 5 7530ዩ። ብዙ ሠንጠረዥ ለሚከፍት ሒሳብ ሠራተኛ ሁለተኛው ይመረጣል።

ለኢታብስ፣ ሬቪትና ቪዲዮ ቅንብር፦ የኤች ጅራት ያለው፣ 16 ጂቢ ራምና የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው። አይ5 ኤች ከአይ7 ዩ ይሻላል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ከሻጭ ጋር መከራከር ተገቢ ነው።

መብራት በሌለበት ረጅም ሰዓት ለሚሠራ፦ ዩ ወይም የአፕል ኤም። ኤችን ይተዉ።

## ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

ተለጣፊ ይላጣል፣ ይለጠፋል። በዊንዶውስ ውስጥ የሚታየው የፕሮሰሰር ስምም በሬጅስትሪ (በዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ማጣራቱን ከባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ከሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ) ይጀምሩ፤ ላፕቶፑ ሲነሳ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10፣ በቲንክፓድ ኤፍ1 ይጫኑና ሙሉ ስሙን እስከ ጅራቱ ይጻፉ።

ቀጥሎ ሲፒዩ-ዜድ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ሄደው ይክፈቱ። የኮድ ስሙን፣ የኮርና የትሬድ ብዛቱን፣ ራሙ በአንድ ወይም በሁለት መስመር መሥራቱን ያሳያል። በዚያው ፕሮግራም የጭነት መሞከሪያውን ለ10 ደቂቃ ያስነሱና ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን በአንድ ላይ ተጭነው በታስክ ማናጀር ፍጥነቱን ይከታተሉ። ለአይ5-8250ዩ መነሻው 1.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ በጭነት ጊዜ ከዚያ በታች ከወረደ ችግር አለ። ቀስ በቀስ ከወረደና አካሉ ከጋለ ፋኑ በአቧራ ተደፍኗል ወይም ቴርማል ፔስቱ (ቺፑ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቋል፤ ይህ በጥገና ይስተካከላል፣ ዋጋ ለማስቀነስም በቂ ምክንያት ነው። ከመጀመሪያው ደቂቃ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ተቸክሎ ከቀረ፣ በተለይ ዴል ከሆነ፣ ቻርጀሩን ይጠርጥሩ፤ ዴል ያላወቀውን ቻርጀር ሲያገኝ ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። በሌላ ቻርጀር ይሞክሩ።

ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የሚገዙ ከሆነ ዕቃው 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው የሚደርስዎት፤ መመለስ ከባድ ነው። መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ሻጩ አንድ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ይላክልዎ፦ ከታች ያለውን መለያ ቁጥር አሳይቶ ላፕቶፑን ያስነሳ፣ ባዮስ ገብቶ የፕሮሰሰሩን ስም ያሳይ፣ ከዚያ ሲፒዩ-ዜድን ይክፈት። ዕቃው ሲደርስ መለያ ቁጥሩን ከቪዲዮው ጋር ያመሳክሩ፤ ቀሪውን ክፍያም ከዚያ በኋላ ይላኩ።